ሃያ ደቂቃ

በእኔ ሰዓት ከሆነ አስራ ሁለት ከሃያ፣
በልጆቼ ስልክ ላይ አስራ ስምንት ከሃያ፤
በሆዳቸው ሰዓት ግን አልፏል የራት ጊዜው።
ከፋብሪካ ገባሁ፤ ጫማዬን ሳልፈታው
ሽንኩርት ከተፍኩ።
ማለፊያ ወጥታለች፣ የሌሊት ፈረቃ አላት፣
ከሽማግሌዎች ቤት፣ ማንሳት ማጠብ በዝቶባት።
ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የተበላሸ፣
ከወጥ ቤቱ መስኮት ሰማይ ቀልቶ እየመሸ።

ሁለት ድስት አለን፤ ባንደኛው ጆሮ ላይ
ቀይ ፕላስተር አለ፤ ማንኪያውም እንዲሁ ቀይ፤
የሂላ ናቸው።
ስምንት ዓመቷ ነው። እስከ አምና ድረስ በልታ
ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋ ነበር ማታ፤
እኔ መጋኛ ስል፣ አክስቷ ዓይን ስትል፣
ክንዷ እየቀጠነ ሸንበቆ ሲመስል፣
ሀኪሟ ወረቀት ዘርግታ «ስንዴ ነው» አለችን፤
«ስንዴና ገብስ ነው፤ እስከ ዕድሜ ልኳ ድረስ።»
ገብስ!
ስሰማ ያደግሁት፣ የእህል ሁሉ ንጉሥ።
ንጉሡን ከነዘውዱ ከደጄ መለስኩት፣
የዱቄቱን ከረጢት ለሱልታና ሰጠሁት፣
ከታች ላለችው ጎረቤት።

ዕብራይስጥ አላነብም ነበር ያለ ልጅ እርዳታ፤
አሁን ግን ሱፐር ውስጥ፣ በመደርደሪያው ተርታ፣
ከረጢት ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ፣
ሁለት ላሜድ፣ አንድ አሌፍ፣ በጣቴ እከተላለሁ፦
ለሎ።
ለሎ ማለት «ያለ» ነው፤ «ያለ ስንዴ» እንደማለት።
ቋንቋችንም ጉደኛ፣ ለአንድ ቃል ሁለት ፊት፦
«ያለ ስንዴ» ሲሉ የለም፣ «ስንዴ ያለው» ሲሉ አለ፤
ቃሏ ቦታ ከሳተች የልጄ ሆድ ቆሰለ።

ጤፍስ? ይሉኝ ይሆናል። ጤፍማ ምን በደለ፤
ገበያ ያለው እንጀራ ግን ከስንት ተቀላቀለ።
ወይዘሮ ይዛለምን ጠየቅኳት፣ ቀስ ብዬ፤
«ጥቁር ነው፣ ንጹሕ ነው» አለች። «እሙዬ፣
ልጅ ናት የምትበላው» ስላት፣ ሚዛኗን አየች፣
«ትንሽ ፉርኖ አለበት፣ እንዳይሰበር ነው» አለች፣
ገንዘቤን መለሰች።

ስለዚህ ዛሬ ምስር፣ ጠዋት ውሃ ውስጥ ነክሬ፣
ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ እርድ ከላይ ጨምሬ፤
በአንዱ ምድጃ የሷን፣ በአንዱ ለናዳቭ ፓስታ፣
አምስት ዓመቱ ነው እሱ፣ በሌላ አይረታ።
ስልኬ ጮኸ፤ የፈረቃ ኃላፊዬ ነው፤ ዞር ስል
ከፓስታው ያወጣሁትን ማንኪያ፣ እንዲያው ስቸኩል፣
ከምስሩ ውስጥ አገኘሁት።
በገዛ እጄ።

ሂላ አይታ ኖሯል።
«አባ፣ ጥቂት ናት» አለችኝ፤ «እኔም አልናገር፤
ራበኝ።»
«ሆድ ይፍጀው» ይላል የኛ አገር፤
የሷ ሆድ ግን ምስጢር አይችልም፣ ሌሊት ነው የሚናገር፣
እኔም ነኝ ሽንት ቤት ደጅ ቁጭ ብዬ የምሰማው።

ምስሩን ለእኔና ለናዳቭ ገለበጥኩት፤
ቀዩን ድስት በሳሙና ሁለቴ አጠብኩት፤
ሁለት እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቁንጥር ጨው፤
ድንች ማይክሮዌቭ ውስጥ፣ ሰባት ደቂቃ ነው።
ሂላ መስታወቱን በግንባሯ ተጠግታ
ቁጥሩን ወደ ታች ቆጠረች፣ በሹክሹክታ።
ናዳቭ ፓስታውን አልነካም። «ብላ» ብለው እምቢ አለ፤
ሹካውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እህቱን እያየ ዝም አለ፤
ማንም አላዘዘውም።

በእኔ ሰዓት ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን በላን።
ሃያ ደቂቃው አርባ ሆነ፤ ይሁን።
ድንቿን ለሁለት ስትከፍል መነጽሯን እንፋሎት ሸፈነው፣
ሳትጠርገው ጎረሰች።

ከመተኛቴ በፊት ለማለፊያ ወረቀት ጻፍኩ፣
ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ በልጆቹ ማግኔት ለጠፍኩ፦
«ድንቹ የሂላ ነው፣ ለነገ ትምህርት ቤት ነው።
ምስሩን አንቺ ጨርሺው፤ ማንኪያሽ ነጩ ነው።
ቀዩን አትንኪብኝ፤ ገና እየደረቀ ነው።»